ሦስት ቀን በዓመት፦ የቀበሮ የመራቢያ ወቅትና የቡችሎቿ ዕጣ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሰዓት፣ ያውም ስለ ቀበሮ ለመስማት መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። የቀበሮን ብልጠት ሁላችንም በተረት ጠግበናል። ስለዚህ ዛሬ ብልጠቷን እንተወው። የማወራው ስለ ጊዜዋ ነው። መቼ ነው የምትገናኘው? መቼ ትወልዳለች? ከወለደቻቸው ስንቱ ይተርፋል? የማይተርፈውስ ምን ሆኖ ነው?

አንድ ነገር ቀድሜ ላጥራ። የዛሬዋ ባለታሪክ በአውሮፓ፣ በእስያ፣ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አፍሪካ የምትገኘው ተራዋ ቀይ ቀበሮ ናት። በባሌና በስሜን ተራሮች የምናውቀው ቀይ ቀበሮ በስም ይመሳሰላት እንጂ ሌላ እንስሳ ነው። የእሱ ዝምድና ከተኩላ ጋር ነው። ወደ ማብቂያው ላይ አነሳዋለሁ። ወሮቹንና ዓመቶቹን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። ሴት ቀበሮ ለስሪያ የምትደርሰው በዓመት አንዴ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ለጥቂት ቀናት። ልታረግዝ የምትችልባቸው ቀናት ሲቆጠሩ ሦስት ገደማ ናቸው። ከ365 ቀን ውስጥ ሦስት! ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ ትፈልጋለች። ድመትማ ተዉት። ቀበሮ ግን እነዚያ ቀናት ካመለጧት እስከ ከርሞ መጠበቅ ነው። ወልዳ ቡችሎቿ ሁሉ ቢያልቁባትም ያው ነው። በዚያው ዓመት ደግማ አትወልድም።

ወንዱም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ ዝግጁ አይደለም። በሞቃቱ ወራት የዘር ፍሬው ይሟሽሻል፤ ዘር ማምረቱን ያቆማል። እንደገና የሚነሳው ቀኑ እያጠረ፣ ሌሊቱ እየረዘመ ሲመጣ ነው። ከዲሴምበር እስከ ፌብሯሪ ባለው ጊዜ ሙሉ ኃይሉን ያገኛል። ያኔ ሴቷን ለቀናት እግር በእግር ይከተላታል። አትለየውም፣ አይለያትም። ሌላ ወንድ እንዳይቀድመው ነው። በእንግሊዝ ከተሞች በጃንዋሪ ሌሊት የሴቷን ጩኸት የሰማ ሰው ደንግጦ ከአልጋው ይነሳል። ሰው እየታረደ ነው ብሎ ፖሊስ የሚጠራም አይጠፋም። ድምፁ በእርግጥ ያስፈራል።

ጊዜው መድረሱን እንዴት ታውቃለች? ብዙ ሰው ብርዱ ይነግራታል ብሎ ያስባል። ብርድ ግን አይታመንም። አንዳንድ ዓመት ይቸኩላል፣ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል። የማይዋሸው የቀኑ ርዝመት ነው። በአንጎሏ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ዕጢ በጨለማ ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ታመነጫለች። ሌሊቱ ሲረዝም ሆርሞኑ የሚመነጭበት ሰዓትም ይረዝማል። ሰውነቷ ወቅቱን የሚያነበው ከዚያ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። ሰው ሳያስበው የሠራው ሙከራ ልበለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች አውስትራሊያ ሲሰፍሩ ቀበሮን ይዘው ሄዱ። የወሰዷት በፈረስ እያባረሩ ለማደን ነበር። ዛሬ አውስትራሊያውያን በዚህ ነገር ይራገማሉ፤ ስንቱን ትንሽ እንስሳ በላችባቸው! ለኛ ርዕስ ግን የሚገርመው ሌላው ነው። እንግሊዝ አገር የቀረችው ቀበሮ በጃንዋሪ ስትገናኝ አውስትራሊያ የሄደችው በጁንና በጁላይ ትገናኛለች። የምትወልደው በኦገስትና በሴፕቴምበር ነው። ደሟ ያው ደም ነው። ከምድር ወገብ በታች ግን አጫጭሮቹ ቀናት ያሉት በጁን ነው፤ እሷም ወደዚያ ዞረች።

ሌላ ሙከራ ደግሞ አለ፤ ይኼኛው ታስቦበት የተሠራ ነው። በ1959 ሩሲያዊው የዘር ሳይንቲስት ዲሚትሪ ቤልያየቭ በሳይቤሪያ፣ ኖቮሲቢርስክ አካባቢ፣ በእርባታ የሚኖሩ ቀበሮዎችን ማላመድ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነበር። በየትውልዱ ሰው የማይፈሩትን ብቻ እየመረጠ ማራባት። ጭራ የሚቆሉ ቀበሮዎች ተወለዱ፤ ይኼን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ብዙ የማይነገረው የመራቢያ ወቅታቸውም መንቀሳቀሱ ነው። ለስሪያ የሚደርሱበት ዕድሜ በአንድ ወር ገደማ ቀደመ። ወቅቱ ረዘመ። ጥቂቶቹ ጭራሽ ከወቅቱ ውጭ መገናኘት ጀመሩ። የእርባታ ሰዎች ቀበሮን በዓመት ሁለቴ ለማስወለድ ለብዙ ዘመን ደክመው አልሆነላቸውም ነበር። ፍርሃቱ ሲወጣላት ሰዓቷም አብሮ ላላ ማለት ነው። ሰው እየቀለባት ስለምትኖር ይኼ አይጎዳትም። ዱር ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ለምን ያስከፍላል? እስቲ አብረን እናስላው። ጃንዋሪ ላይ ተገናኘች እንበል። እርግዝናዋ 52 ቀን አካባቢ ነው። ማርች ላይ ወለደች። በአራተኛው ሳምንት ቡችሎቹ ከጉድጓድ ብቅ ይላሉ፤ ኤፕሪል ሆነ። በሜይና በጁን ጡት ይጥላሉ። ልክ በዚያ ሰዓት ሜዳው በጥንቸል ልጆች፣ ገና መብረር ባልቻሉ ጫጩቶችና በአይጥ ይሞላል። ሴፕቴምበር ላይ ቁመታቸው ከእናታቸው ጋር ይስተካከላል። ከዚያ እስከ ብርዱ ወራት ድረስ የራሳቸውን ቦታ ይፈልጋሉ። በአሥረኛው ወር ራሳቸው ለስሪያ ይደርሳሉ፤ ያ ደግሞ ተመልሶ ጃንዋሪ ነው። ዓመቱ እንደዚህ ጠባብ ነው። የትኛውም ወር ላይ ትርፍ የለም። ጁላይ ላይ የተወለደ ቡችላ ገና አድኖ መብላት ሳይለምድ በረዶው ይደርስበታል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንግባ። ቀበሮ ጉድጓድ መቆፈር ትችላለች፤ ግን አትወድም። የጥንቸል ጉድጓድ አግኝታ ማስፋት ይቀላታል። ወይም ባጀር የሚባለው እንስሳ የቆፈረው ውስጥ ትገባለች። ከተማ ውስጥ ከሆነች የጓሮ ዕቃ ቤት ወለል ሥር ትሰነቀራለች። ውስጡን ሣርም ቅጠልም አታነጥፍም። ቡችሎቹ የሚያርፉት ባዶ አፈር ላይ ነው፤ ሙቀታቸው የእናታቸው ሆድ ነው።

ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ትወልዳለች። እያንዳንዱ 100 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ዓይናቸው ዝግ ነው። ጆሯቸው አይሰማም። ጥርስ የላቸውም። ቀለማቸውን ብታዩ የቀበሮ ልጅ አትሏቸውም፤ ጥቁር ቡኒ ናቸው፣ አፍንጫቸውም ገና አጭር ነው። ዓይናቸው የሚገለጠው ሁለት ሳምንት ሊሞላቸው ሲል ነው። ሲገለጥ ሰማያዊ ነው፤ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ውስጥ ወደ ወርቃማ ይዞራል።

ከሁሉ የሚከፋው እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ናቸው። ቡችሎቹ የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ አይችሉም። ስለዚህ እናቲቱ ከጉድጓዱ አትወጣም ማለት ይቻላል። እሷ ካልወጣች ማን ያድናል? ወንዱ ነው። አይጡንም ጥንቸሉንም እያመጣ በር ላይ ይጥልላታል። አንዳንዴ ባለፈው ዓመት የተወለደች ልጇ ወይም እህቷ አብራ ትኖርና ታግዛለች። በእነዚህ ሳምንታት ወንዱ መኪና ቢገጨው ማንም አያየውም። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ወተቱ ይቀንሳል። እናቲቱ ከሞተችማ አለቀ። ስድስት ሳምንት ካለፋቸው በኋላ ብትሞት አባትየውና ረዳቶቹ ሊያሳድጓቸው ይችላሉ። ከሦስት ሳምንት በታች ከሆኑ ግን ተስፋ የላቸውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሜይ ወር የቀበሮ ቡችሎች ሣር ላይ ሲንከባለሉ፣ አንዱ የአንዱን ጭራ ሲጎትት የሚያሳይ ቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። ደስ ይላል። ግን ያ የምታዩት ሰላም በጦርነት የመጣ ነው። ጦርነቱ የሚካሄደው ከመሬት በታች ነው። ሦስትና አራት ሳምንት ሲሆናቸው፣ ጥርስ እንዳወጡ ይጣላሉ። የጨዋታ አይደለም፤ የምር ነው። ይነካከሳሉ፣ ይደማሉ፣ የሚሞትም አለ። ጠቡ የሚቆመው ማን በማን ላይ እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወጥተው የሚጫወቱት።

ይኼ ደረጃ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ነገሩ የምግብ ነው። ወላጆቹ ምግብ አያካፍሉም። አባት አይጥ በአፉ ይዞ ሲመጣ ቀድሞ የደረሰው ይቀማዋል፤ ይዞ ይሮጣል። ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ ሁልጊዜ አለቃው ነው። በጥጋብ ዓመት ይኼ ብዙ አይጎዳም፤ አለቃው ጠግቦ ሲተኛ ትንሹም ይደርሰዋል። በራብ ዓመት ግን አለቃው አይጠግብም። ትንሹ ይከሳል። የከሳ ቡችላ ደግሞ ይበርደዋል፣ ትሉ ይበረታበታል። ትል ስል ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ አብሯቸው የሚመጣ የአንጀት ትል አለ፤ በወተትም ይተላለፋል። ለጠገበው ቡችላ ምንም አይደለም። ለከሳው ግን የመጨረሻው ይሆናል። ሬሳውን አይተን "ትል ገደለው" እንላለን፤ የገደለው ግን ራብ ነው።

ከጉድጓድ ሲወጡ ሌላ ዓለም ይጠብቃቸዋል። ንስር አለ። ባጀር አለ። ውሻ አለ። መንገድ አለ። የቀበሮ ጉድጓድ አፍ በኤፕሪል መጨረሻ ብትሄዱ ወዲያው ታውቁታላችሁ። ሣሩ በመንከባለል ተደፍጥጧል። ላባ ተበትኗል፤ የጥንቸል እግር፣ የተጋጠ አጥንት። ከከተማ አጠገብ ከሆነ የሰው ጫማ፣ ጓንትና የልጅ ኳስ አይጠፋም፤ ወላጆቹ ለልጆቹ መጫወቻ ይሁን ብለው ይሁን ሌላ፣ ማኘክ የሚቻል ነገር ሁሉ ሰርቀው ያመጣሉ። ሽታው ከሩቅ ይሰማል። ሽታውን ንስር ባይሰማውም ውሻ ይሰማዋል። ለዚህ ነው እናቲቱ ነገር ጠርጥራ ልጆቿን አንድ በአንድ ማጅራታቸውን ነክሳ ወደ ሌላ ጉድጓድ የምታዛውራቸው።

በራሳቸው የሚይዙት የመጀመሪያ አደን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጥንዚዛና የምድር ትል። ሞቅ ባለ፣ ዝናብ ባረጠበው ሌሊት ትሉ ከመሬት ይወጣል። ቡችላው ጫፉን በፊት ጥርሱ ይይዝና በቀስታ ይስበዋል። ቶሎ ከጎተተው ይበጠሳል። ይኼን ለመልመድ ጥቂት ሌሊት ይፈጅበታል። ጸደዩ ደረቅ ከሆነ ግን ትሉ ወደ ታች ይጠልቃል፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።

ከሁሉም ተርፎ መጸው የደረሰ ቡችላ ደግሞ ከቤት ይወጣል። በተለይ ወንዶቹ። ሴቶቹ እናታቸው ዘንድ ሊቀሩ ይችላሉ። የሚወጣው ወጣት የማያውቀውን መንገድ ያቋርጣል፤ የሌላ ቀበሮ ክልል ገብቶ ይነከሳል፤ አዳኝ ይጠብቀዋል። ብዙዎቹ የሚያልቁት በነዚህ ወራት ነው። ሲደመር፣ በብዙ ቦታ ከሚወለዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በሰው እጅ ያለች ቀበሮ 14 ዓመት ልትኖር ትችላለች። የዱሯ ግን ሁለተኛ ዓመቷን ካየች ዕድለኛ ናት።

ስለ መውጣት ካነሳን፣ አንዲት ወጣት የዋልታ ቀበሮ ያደረገችውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ነጯን ቀበሮ ማለቴ ነው። በ2017 ሳይንቲስቶች አንገቷ ላይ የሳተላይት መከታተያ አሰሩላት። በ2018 የኖርዌይ ከሆነው ስቫልባርድ ተነሳች። በባሕሩ በረዶ ላይ ሄደች፣ ግሪንላንድን አቋረጠች፣ ካናዳ ገባች። 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ76 ቀን! መጀመሪያ ላይ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አላመኑም። ገና አንድ ዓመት ያልሞላት ነበረች።

የዋልታዋን ቀበሮ ካነሳኋት ትንሽ ልቆይባት፤ የዛሬው ነገሬ ከሁሉም በላይ የሚታየው እሷ ላይ ነው። ሌሚንግ የሚባል አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ አለ። ቁጥሩ በየሦስትና አራት ዓመቱ ይፈነዳል፣ ከዚያ ድምጥማጡ ይጠፋል። በስካንዲኔቪያ ተራሮችና በሳይቤሪያ የምትኖረው ቀበሮ ኑሮዋ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሌሚንግ በሞላበት ዓመት በአንድ ጊዜ እስከ 18 ልትወልድ ትችላለች። አዎ፣ 18። በጠፋበት ዓመት ግን አብዛኞቹ ጭራሽ አይወልዱም። የወለዱትም ቡችሎቻቸው አይተርፉላቸውም። አይስላንድ ያለችዋ ደግሞ እንደዚህ አይደለችም። እዚያ ሌሚንግ የለም፤ የምትበላው የባሕር ወፍና ባሕር የሚያወጣውን ነው። የባሕር ዳርቻ በየዓመቱ ያው ስለሆነ እሷም በየዓመቱ አምስት አካባቢ ትወልዳለች። ዝርያዋ አንድ ነው። ልዩነቱ ምግቧ የሚታመን መሆኑና አለመሆኑ ነው።

ቀይ ቀበሮም በልኳ እንዲሁ ናት። በሰሜን ስዊድን የሜዳ አይጥ በበዛበት ዓመት ብዙ ሴቶች ይወልዳሉ፣ የሚወልዱትም ብዙ ነው። አይጡ ሲቀንስ ብዙዎቹ ባዶ ይቀራሉ። ቡችላው ይኑር አይኑር የሚወሰነው እሱ ከመወለዱ በፊት ነው የምለው ለዚህ ነው። የእናቱ ስብ፣ የብርዱ ወራት አይጥ፣ የአባቱ በሕይወት መኖር። እሱ ዓይኑን ሳይገልጥ ግማሹ ነገር አልቋል።

ከምግብ ሌላ የማዕረግ ነገር አለ። ቀበሮ ብቸኛ ናት ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ብቻዋን ታድናለች፣ እውነት ነው። ኑሮዋ ግን በቤተሰብ ነው። ቀበሮ በበዛበት ቦታ አንድ ወንድ፣ አንዲት አለቃ ሴትና ጥቂት የበታች ሴቶች አብረው ይኖራሉ። ብዙ ጊዜ የምትወልደው አለቃዋ ናት። የበታቾቹ ቢያረግዙም ፅንሱ ሆዳቸው ውስጥ ቀልጦ ይቀራል፤ ወይም ወልደው ያጡታል። በኖርዌይ የቀበሮ እርባታዎች የታየ ክፉ ነገርም አለ። የበታች የሆነች እናት ከአለቃዋ አጠገብ በሽቦ ብቻ ተለይታ ስትቀመጥ የገዛ ልጆቿን ትገድላለች። አርቢዎቹ ቦታዋን ሲቀይሩላት ታሳድጋለች።

አሁን ስለ አባትነት አንድ ላክልና ወደ ሰው እመለሳለሁ። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ሜዳዎች ላይ ጆሮዋ የሌሊት ወፍ ጆሮ የሚመስል ትንሽ ቀበሮ አለች። ምግቧ ምስጥ ነው። ምስጥ ደግሞ በአፍ ተሸክሞ ወደ ቤት አይወሰድም። ስለዚህ እንደ ሌሎቹ ባል አድኖ ሚስቱን መቀለብ አይችልም። መፍትሔው ምን ሆነ? እሷ ወጥታ እየበላች ወተት ትሠራለች፤ እሱ ቤት ቁጭ ብሎ ልጅ ይጠብቃል። ያሞቃቸዋል፣ ያጫውታቸዋል፣ ቀበሮ ጠል እንስሳ ሲመጣ ይጋፈጣል። በሴሬንጌቲ በተደረገ ጥናት ስንት ቡችላ እንደሚተርፍ በዋናነት የሚናገረው አባትየው ጉድጓዱ ዘንድ የቆየበት ጊዜ ሆኖ ተገኝቷል። ይኼን ለሚስቶቻችሁ አትንገሩ።

ወደ ሰው ልመለስ። ሰው ቀበሮን ለመቀነስ ለብዙ ዘመን ገድሏል። ብዙም አልሠራለትም። አለቃዋ ስትሞት የበታቿ ትወልዳለች፤ ክፍት የሆነውን ቦታ ከሌላ አካባቢ የመጣ ወጣት ይይዘዋል። በአውሮፓ የእብድ ውሻ በሽታ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በቀበሮ ሲዛመት መጀመሪያ የተደረገው ግድያ ነበር። ጉድጓዶች በጋዝ ታጠኑ። በሽታው ግን አልቆመም። በ1978 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሌላ ነገር ተሞከረ። ክትባት በዶሮ ጭንቅላት ውስጥ ተደርጎ በየጫካው ተጣለ። ቀበሮዎቹ በሉት። ዘዴው በየአገሩ ተስፋፋና ምዕራብ አውሮፓ ከቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ ነፃ ወጣ።

ቀበሮን በእውነት የሚጨርሳት ሌላ ነው፤ እከክ። በቆዳ ውስጥ የምትቆፍር ዓይን የማያያት ተባይ ታመጣዋለች። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ በ1994 እከክ ገባ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከከተማዋ ቀበሮዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። እናት ከያዛት ቡችሎቿም ጡት ሲጠቡ ይይዛቸዋል፤ ጉድጓድ ውስጥ ተቃቅፈው ነው የሚተኙት።

የግድያው ነገር በጊዜ ሲታይ ሌላ መልክ አለው። በኖቬምበር የተገደለች ቀበሮ አንዲት ቀበሮ ናት። በኤፕሪል የተገደለች እናት ግን ከመሬት በታች ያሉ አምስት ነፍሶችን ይዛ ትሄዳለች፤ እነሱም የሚሞቱት ቀስ ብለው ነው። ጀርመን ይኼን በሕግ ይዛዋለች። በመራቢያ ወቅት ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ማደን አይፈቀድም፤ አባትየውም ይካተታል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ለቀበሮ የተከለከለ ወቅት የለም። እኔን ከጠየቃችሁ የጀርመኑ ይሻላል። ቀበሮ ጠቦት ትበላለች፣ ዶሮ ትበላለች፣ ገበሬውም መብት አለው። የቀን መቁጠሪያውን ማየት ግን ማንንም አያከስርም።

ቃል በገባሁት መሠረት የባሌውን ቀይ ቀበሮ በአጭሩ ላንሳ። እሱ የሚገናኘው ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ነው፤ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል። የሚወለደው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው፣ በ60 ቀን ገደማ እርግዝና። በመንጋው ውስጥ የምትወልደው አንዲት ሴት ናት። ሌሎቹ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ያደኑትን አይጥና ፍልፈል በሆዳቸው ይዘው መጥተው ለቡችሎቹ ያስታውካሉ። የበታች ሴት ወተት አግታ የሌላዋን ልጆች የምታጠባበት ጊዜም አለ። ስለዚህ እዚያ የአንድ አባት መሞት ቤቱን አያፈርስም። ቤቱን የሚያፈርሰው በውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የገባበት መንጋ አብዛኛው ያልቃል። አብረው ስለሚኖሩ፣ አፍ ለአፍ ስለሚላላሱ። ቡችላ በማሳደግ የጠቀማቸው መቀራረብ በበሽታ ጊዜ ያጠፋቸዋል።

ንግግሬን ስጨርስ የተጠየቅኳቸውን ሁለት ጥያቄዎች እዚህ ላክል፤ ለሌላውም ሰው ይጠቅማሉ።

አንድ ወጣት "እናትየው ስንት ወንድ ታገኛለች? ቡችሎቹስ የአንድ አባት ናቸው?" አለኝ። ሳቅ ሆነ። መልሱ ግን የሚያስቅ አይደለም። ቀበሮ በበዛበት ቦታ የተደረጉ የዘር ምርመራዎች በአንድ ጊዜ የተወለዱ ቡችሎች የተለያየ አባት ሊኖራቸው እንደሚችል አሳይተዋል። ወንዱ ያን ሁሉ ቀን እግር በእግር የሚከተላት ወዶ አይደለም።

ሌላኛዋ ጠያቂ አንዲት እናት ነበሩ። "ብቻዋን የቀረች የቀበሮ ቡችላ ባገኝ ምን ላድርግ? ቤት ልውሰዳት?" አሉ። አይውሰዷት፣ እናቴ። አብዛኛውን ጊዜ የጠፋች አይደለችም። እናቲቱ ልጆቿን እያዛወረች ይሆናል፤ የምትሸከመው አንድ በአንድ ስለሆነ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እርስዎ እዚያ ከቆሙ ደግሞ አትመጣም። ራቅ ይበሉ፣ ውሻ ካለ ይያዙ፣ እስከ ማግስቱ ይጠብቁ። ዓይኗ ካልተገለጠ፣ ከቀዘቀዘች ወይም ከቆሰለች ግን መጠበቅ የለም። ያኔ በጓንት ይያዟት፤ ትናንሽ ጥርሶቿ መርፌ ናቸው፣ በሽታም ይኖራል። በካርቶን ውስጥ ጨርቅ አድርገው በሙቅ ቦታ ያስቀምጡና ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ። የላም ወተት አይስጧት፤ ሆዷን ያበላሸዋል።